ሁለተኛው ትምህርት ማክሰኞ ነው

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩ። ጢም ገና አላበቀልኩም፤ ከቤት ከወጣሁ ወዲህም ካልሲዬን የሚያጥብልኝ ሰው እንደናፈቀኝ ነው። ይሁንና በእኛ በሞርሞኖች ዘንድ ለስብከት የተላከ ወጣት ማዕረጉ ሽማግሌ ስለሆነ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ላይ በነጭ ፊደል ተጽፎ ደረቴ ላይ ተለጠፈልኝ። ሰው አንብቦ ሲጠራኝ ደስ ይለኛል። ሳያነብ ሊያልፈኝ ሲል ደረቴን ወደ ፊት ገፋ አደርጋለሁ።

የምንኖረው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሰባኪ ከጓዱ አይለይም። አብረን እንነሳለን፣ አብረን እንጸልያለን፣ አንዱ ፀጉሩን ሲቆረጥ ሌላው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ለእኔ የደረሰኝ ጓድ ዝምተኛ ነው። በር ሲከፈትለት ፈገግ ይላል፣ በር ሲዘጋበትም ፈገግ ይላል። በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድም ቀን ንግግሬን አቋርጦኝ ስለማያውቅ፣ በጣም ተግባብተናል ብዬ ደምድሜ ነበር።

ሥራ ላይ ግን ደካማ ነው። ይህን የምለው በማስረጃ ነው። በየሳምንቱ እሁድ ስንት ሰው እንዳነጋገርን ለአካባቢው መሪያችን በስልክ እናሳውቃለን። ለዚህ የምንሞላው ቅጽ አራት ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ለእኔ ትጋት ስላልበቃ ከራሴ አሥራ አንድ ጨመርኩበት። ከጨመርኳቸው አንዱ «የጓድ ድክመት» የሚል ነው። የቀረውን በሐቀኝነት እሞላለሁ። መንገድ ላይ «ስንት ሰዓት ነው?» ያለኝን ሰውዬ «ስለ ዘመን ፍጻሜ የጠየቀ» በሚለው ሥር አሰፈርኩት። በሩን ፊታችን ላይ የጠረቀመው ጡረተኛ «ለማሰላሰል ጊዜ የወሰደ» ሆነ። ውሻዋን የለቀቀችብን ሴትዮ ደግሞ «ከነቤተሰቧ የተቀበለችን» ናት።

መሪያችን ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ባለፈው እሁድ ሲደውል «ወንድሜ፣ ቁጥሩ ይቅር። ሰዎቹ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው» አልኩት።

«ጸሎት ቤት የመጣ አለ?»

«ለጊዜው የለም።»

ችግሬ ይኸው ነበር። በሚቀጥለው ወር አዲስ መሪ ይመረጣል። ስመረጥ እንዴት በትሕትና እንደምደነግጥ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄ ጨርሻለሁ። የጎደለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሁድ ጧት አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰው።

ተስፋዬ ሁሉ ያረፈው ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል የሚሠሩት ልብስ ሰፊ ላይ ነበር። እማማ እንላቸዋለን። መጀመሪያ ቀን ያስገቡን ዓይናቸው ደክሞ ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያሾልክላቸው ሰው ስለፈለጉ ነው። ጓዴ ያሾልካል፣ እኔ እሰብካለሁ። ቅጹ ላይ «እውነትን የተጠማች ነፍስ» ብያቸዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ፣ በተራ ከምንሰጣቸው ትምህርቶች የመጀመሪያውን እያጋመስኩ ሳለ፣ እማማ የስፌት መኪናቸውን ፔዳል አቆሙ።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ሴት ልጄ ከሞተችብኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አገኛታለሁ ወይ?»

ሰባኪ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቀው ጥያቄ ይህ ነው። ከእናቴ ቤት ያስወጣኝ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ግሩም ጥያቄ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «ግን እሱ ያለው ሁለተኛው ትምህርት ላይ ነው። እኛ ገና አንደኛውን አልጨረስንም።»

«ታዲያ ሁለተኛውን ንገረኝ።»

«ቅደም ተከተሉ ይፋለስብናል። የዛሬ ሳምንት ማክሰኞ ቢሆን ምን ይመስልዎታል?»

እማማ ጓዴን አዩት። ጓዴ መርፌውን አየ። «እሺ፣ ማክሰኞ» አሉና ፔዳሉን ረገጡ።

ውጭ ስንወጣ ጓዴ «ለምን አልመለስክላቸውም?» አለኝ።

«ሥርዓት አለዋ! ዓመት ከመንፈቅ የጠበቁ ሴትዮ ሳምንት ምን አላቸው?»

ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ። እንዳሳመንኩት ገባኝ።

ሳምንቱን ለዝግጅት አዋልኩት። ከካርቶን ሦስት ክቦች ቆርጬ ቀለም ቀባሁ፤ አንዱ ከመወለድ በፊት፣ አንዱ ይህ ዓለም፣ አንዱ ከሞት በኋላ። ጓዴ ሸሚዝ ሲተኩስ እኔ ፊቱ ቆሜ እለማመዳለሁ። «እዚህ ላይ ስደርስ እማማ ያለቅሳሉ፤ እኔም መሐረብ አወጣለሁ» ስለው ካውያውን አንገትጌው ላይ ረሳውና ሸሚዙን አሳረረ። «የጓድ ድክመት» በሚለው ሥር «ትኩረት የለውም» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ደረሰ። ክቦቼን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። እማማ በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ በአንድ እያነሱ አገላበጧቸው።

«ልጄ የትኛው ውስጥ ናት?»

«እሱ እንደየሁኔታው ይለያያል» አልኩና ሦስተኛውን ክብ ወደ መብራቱ ጠጋ አደረግኩት።

«ሁኔታው ይቅርብኝ። አንተ የሞተብህ ሰው አለ?»

ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። ሁለተኛው ትምህርት ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ የለም። «እስካሁን የለም፣ እማማ» አልኩ። ያልተሟላ ሰነድ ይዤ የቀረብኩ ስለመሰለኝ «ይቅርታ» ብዬ ጨመርኩበት።

«እኔ አለኝ» አለ ጓዴ።

ዞር ብዬ አየሁት። ክሩን መርፌው ቀዳዳ ላይ እንዳስጠጋ ነው።

«ታናሽ ወንድሜ ነው። ወደዚህ ከመምጣቴ ከአራት ወር በፊት ነው የሞተው። አገኘዋለሁ ብዬ አምናለሁ፣ እማማ። አንዳንድ ጧት ግን እምቢ ይለኛል። ያን ቀን የሰው በር ማንኳኳት ይከብደኛል።»

«ታዲያ ለምን ታንኳኳለህ?»

«አንዳንዴ መንገድ ላይ እምነቱ ይመለስልኛል። ሁልጊዜ አይደለም።»

እማማ የያዙትን ቀሚስ አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳቡ። ስለ ልጃቸው ነገሩት፤ ስለ ወንድሙ ነገራቸው። እሳቸው አለቀሱ፣ እሱም አለቀሰ። እኔ መሐረቤን ለማን እንደምሰጥ ግራ ገብቶኝ ክቦቼን ሰበሰብኩ። አንድ ሰዓት ያህል ሲያወሩ ካሰናዳሁት ውስጥ አንድም ቃል አልተጠቀሰም።

በመጨረሻ እማማ ዓይናቸውን ጠርገው «እሁድ ስንት ሰዓት ነው የምትሰበሰቡት?» አሉ።

«ሦስት ሰዓት!» አልኩ ብድግ ብዬ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ካንተ አጠገብ ቦታ ያዝልኝ» አሉት፣ ለእሱ።

መንገድ ላይ ቅጹን አወጣሁ። አንዱ ሰው ተገኘ፤ መሪነቱም ተገኘ። ልጽፍ ስል ዓይኔ እኔ ከጨመርኳቸው ጥያቄዎች ሦስተኛው ላይ ዐረፈ፤ «ከቤተሰብዎ በሞት የተለየ ሰው አለ?» ይላል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ጠይቄዋለሁ። ውሻ የለቀቀችብንን ሴትዮ እንኳ በአጥር ላይ እየዘለልኩ ጠይቄያታለሁ። ከአልጋዬ አንድ ክንድ ርቆ የሚተኛውን፣ ደንብ ሆኖብኝ ለአፍታ እንኳ ከዓይኔ ያልጠፋውን ልጅ ግን ጠይቄው አላውቅም። አፈርኩ። እውነቴን ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ እንደ ሰው ላነጋግረው ቆረጥኩ።

«ወንድምህ ማን ይባል ነበር?» አልኩት።

ቆመ። ፊቴን ሳይሆን ቅጹንና እስክሪብቶውን የያዘ እጄን አየ።

«ላንተ ነው ወይስ ለቅጹ?» አለኝ።

«ለእኔ ነው» ልለው አፌን ስከፍት፣ በጥርሴ ይዤው የነበረው የእስክሪብቶ ክዳን መሬት ወደቀ።