ብርድ ልብስ የለበሰው አምፕሊፋየር

ጓዶች፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ልጄ የሁለት ርካሽ አምፕሊፋየሮች ፎቶ በቴሌግራም ልኮ «አባዬ፣ የትኛው ይበረክታል? አንተ ታውቃለህ» አይለኝም!

እህቴ ዘይነባ አጠገቤ ነበረች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስልኩን ነጥቃኝ «አባትህ የሚመርጠውን ጠይቅና ሌላውን ግዛ!» ብላ በድምፅ መለሰችለት።

ልጄ ታሪኩን አያውቅማ። በሉ ልዋረድላችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ የምንኖረው ደብረ ብርሃን። ዘይነባ አልዩ አምባ ላለ ነጋዴ ልትዳር ነው። ከማታውቀው ሰው መሀል መግባቱን በጣም ፈርታዋለች። «ከድርዬ፣ አደራህን፣ ሰርጌ ላይ ዘፈኑ እንዳይቋረጥ። አማቶቼ ፊት እንዳላፍር» አለችኝ።

ለምን እኔን? የሰፈሩ «ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ» ነበርኩዋ! ሙያዬ ምን መሰላችሁ? የደከመ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት!

ሱቅ ሄድኩ። ሁለት አሮጌ አምፕሊፋየሮች አሉ። አንዱ ከባድና አስቀያሚ። ሌላው ቀለል ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ «ፕሪአምፕም አለው» የተባለለት። ፕሪአምፕ ምን እንደሚሠራ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ያኔ ግን ራሴን እየነቀነቅኩ «እሱማ ዋናው ነው» አልኩ።

ከዚያ ፈተና! አስከፍቼ እጄን አናቱ ላይ ጫንኩ። ቀዝቃዛ። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። አሁንም ቀዝቃዛ! «አይግልም፣ ዕቃ ማለት ይሄ ነው» ብዬ ገዛሁት።

ወገኖቼ፣ ደብረ ብርሃን እኮ ነው! እዚያ ምን ይግላል? እኔ ራሴ መቼ ሞቆኝ ያውቃል?

ሰርጉ ያለበት አልዩ አምባ ደግሞ ቆላ ነው። ዕቃውን ከአንኮበር በበቅሎ አወረድነው፣ በመኪና ባትሪ አስነሣሁት። ዘፈኑ ደመቀ፣ ጭፈራው ቀለጠ፣ አቧራው ጨሰ። አቧራ ሊገባበት ነው ብዬ ደነገጥኩ። እኛ ቤት ሬዲዮውም ቴፑም ተሸፍኖ ነው የሚያድረው። ለሙሽሮቹ ካመጣነው ብርድ ልብስ አንዱን አንሥቼ ጥቅልል አደረግኩት።

በቆላ! በቀትር! በሱፍ!

ድምፁ ሻከረ። አቃሰተ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ለሚዜዎቹ ስለ ፕሪአምፕ ሳስረዳ ነበር።

ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም እንደምትል ታውቃላችሁ። ዘይነባ ቀና አለችና፣ ያ ሁሉ አማች እየሰማ «አንተ ደንቆሮ! ብርድ ልብሱ እየተቃጠለ ነው!» ብላ ጮኸች።

ዘፈኑ ቆመ። ብርድ ልብሱን ገፍፌ በእግሬ ረጋገጥኩት። ዘይነባ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እንዳላፍር ብላ አደራ ያለችኝን ልጅ እኔው ጉድ ሠራኋት!

የሙሽራው እናት እማማ ሐሊማ ብድግ ብለው ወደሷ መጡ። አለቀላት አልኩ። እሳቸው አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። «አልሐምዱሊላህ! ከመጣሽ ትንፍሽ ሳትይ፣ ዱዳ ዳሩልን ብዬ ስሰጋ ነበር እኮ! በይ ከእንግዲህ እኔ ቤት አንገት መድፋት የለም» አሏት።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ዘይነባም ሳቀች። ከዚያ እማማ ሐሊማ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያ ሁሉ ፍርሃቷ ያኔ ወጣላት።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፦ እህቴን አዋረድኳት ወይስ ዳርኳት?