«ለእጄ ነው» የሚሉት ሹፌር

ጠጥቶ የሚነዳ ሹፌር ሁሉ ምክንያት አያጣም። አንዱ «ለብርድ ነው» ይላል፣ ሌላው «ለጨጓራ»። በእኛ የአውቶቡስ መናኸሪያ የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩት ክቡር ጋሼ ግን «ለእጄ ነው እንጂ ለሆዴ አይደለም» ነበር የሚሉት። ጠዋት ካልቀመሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ የሰው ነፍስ አይያዝም! እንዲህ ያለ ፍልስፍና ዩኒቨርሲቲም አይገኝም።

እኔ ያን ጊዜ፣ ይህን የጋዜጣ ዓምድ መጻፍ ሳልጀምር፣ የስምሪት ሠራተኛ ነበርኩ። «ሹፌሩ ለሥራ ብቁ ነው» በሚለው ቅጽ ላይ ፈርሜ በመስኮት ቁልፍ አቀብላለሁ። ጋሼ ቅርንፉድ እያኘኩ ይመጣሉ፤ ትንፋሻቸው ግን ከቅርንፉዱ ቀድሞ ይደርሳል። ስቄ እፈርማለሁ።

ደግሞ ተወዳጅ ነበሩ! በቀመሱ ቀን እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ስለሚሉ ተሳፋሪው «እንዴት ያለ ጨዋ ሹፌር ነው!» እያለ ይመርቃቸዋል። አንዴ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ «ምንድነው የሚሸተኝ?» ቢላቸው፣ ዞር ብለው ተሳፋሪውን በሐዘን አዩና «ምን ላድርግ ልጄ፣ ሰው አሽትቼ አልጭን» አሉት። ይህን እየነገርኩ ስንቱን አስቄበታለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን እናቴ ራጇን በፌስታል ይዛ ለሕክምና ልትሄድ የጋሼ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ አየኋት። ጋሼ ለቁልፉ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ አልሰጠሁም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይረፉ። ደክሞዎታል።»

ዓይኔን ተከትለው ወደ አውቶቡሱ አዩ። እናቴ እጇን እያውለበለበችልኝ ነበር።

«ዛሬ ነው የሸተትኩህ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያን ሁሉ ዓመት የጫንኩት የሰው እናት አልነበረም?»

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አውቶቡሱን ሌላ ሹፌር ይዞት ወጣ። ጋሼ አግዳሚው ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል ቀብረው ተቀመጡ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እኔም እኮ ፈርሜያለሁ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እኔ ስጠጣ፣ አንተ ስትፈርም፤ ሁለታችንም ከሥራ ቀርተን አናውቅም።»

በማግስቱ አለቃችን ዘንድ አብረን ገባን። እሳቸው መሪውን ትተው ሕክምና ጀመሩ፤ ሁለት ጊዜ አቋርጠው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። እኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ሲያንሰኝ ነው።

ከወራት በኋላ፣ አንድ እሑድ፣ ጋሼ ፂማቸውን ተላጭተው ቤታችን መጡ። እናቴ ፊት ቆመው የሚጠጡትን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ተናዘዙ። በየቀኑ ማን እየፈረመላቸው ይወጡ እንደነበር ግን ትንፍሽ አላሉም።

«እትዬ፣ ያተረፈዎት ልጅዎ ነው» ብለው ጨረሱ።

እናቴ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ራሴ ላይ እጇን ጭና መረቀችኝ። ጋሼን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «አሜን» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

እናቴ ይህን ዓምድ አንብባው ሳትጨርስ ቀርታ አታውቅም።