ፊቷ የጠቆረ ጨረቃ

ሰው የሚፈረደው በፊቱ ነው። መታወቂያ ላይ የሚለጠፈው ፊታችን፣ ስንታጭ የሚመረመረው ፊታችን። ለጀርባ የሚጨነቅ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው፤ ለዚያም አመስጋኝ የለው። እኔ ጅማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝና ይህን ቅሬታ ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ጊዜው ደርግ ነው። ጓደኛዬ ኑረዲን፣ የሳይንስ መምህሩ፣ የሊሙ ገነቱን ቡና ነጋዴ የአባ ቢያን ልጅ ሰዓዳን ወደደ። መውደድ ስላችሁ፣ እንቅልፍ አጥቶ እኛንም አሳጣን። ሽማግሌ ተላከ። አባ ቢያ ግን ወሬ ቀድሟቸው ኖሮ «ሰማይ ላይ አላህ የለም እያለ ያስተምራል አሉ። ራሱን አምጡልኝና ልስማው። ካልጣመኝ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጡ» ብለው መለሷቸው። በአገሩ ልማድ አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ምን ይደረግ፣ ተጠራ።

ለኑረዲን፣ ለአጎቱና ለራሴ ነጭ በነጭ ሰፋሁ። ኑረዲን ከውጭ መጽሔት ላይ የቆረጠውን የአንዲት ጨረቃ ፎቶ ኪሱ ከተተ። ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። ልብሳችን እንዳይጨማደድ ብለን (ብልጦች ነን!) ከፊት ያለውን ብረት ይዘን መንገዱን ሙሉ ቆምን። ከፊታችን ሌላ ባዶ ኤንትሬ ቡና ሊጭን ይበራል፤ ቀዩን አቧራ እስከ ሊሙ ድረስ አለበሰን። ስንደርስ አባ ቢያ ከነዘመዶቻቸው በረንዳ ላይ ይጠብቁን ነበር። የመታጠቢያ ውሃ የት ይጠየቃል?

«ኩኒ ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። «ለልጄ በጭቃ ታጥባችሁ ነው የመጣችሁት?»

የሰው ፊት እንዴት እንደሚያቃጥል ያን ቀን አወቅኩ። ኑረዲን ፎቶውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው።

«ይቺስ ምን ሆና ነው ግማሽ ፊቷ የከሰለው? ፈጣሪ አበላሽቶ ሠራት ልትለኝ ነው?»

«አስተግፊሩላህ አባባ! የሳተርን ጨረቃ ናት፤ በረዶ የለበሰች። ስትዞር ሁልጊዜ በዚህ ፊቷ ነው የምትቀድመው። አዋቂዎቹ እንደሚገምቱት የመንገዷ አቧራ እሱ ላይ ይለጠፋል። ከኋላዋ ግን ወተት ናት። ጌታ ንጹህ አድርጎ ፈጠራት፤ ያጠቆራት መንገዱ ነው። እኛም...»

አለና በአገራችን የማይደረገውን አደረገ። ለሽማግሌ ጀርባውን ሰጠ፤ ጀርባው አቧራ ያልነካው ነጭ ነበር!

አጎትየው «ወላሂ ጉድ ሆንን» አሉ። እኔ ግን ተከትዬው ዞርኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁና የጀርባው ስፌት እንዲታይልኝ ነው።

 ከጀርባችን የአባ ቢያ ሳቅ ፈነዳ።

«ማሻአላህ! ሰማዩን እንዲህ ከሆነ የምታስተምረው፣ አስተምር። በሉ፣ ለአማቼ ውሃ አምጡለት!»

ደስታዬን በምን ልግለጸው? ከነአቧራዬ አጎትየውን አቀፍኳቸው፤ ጀርባቸውም ያኔ ተበላሸ።

ከዓመታት በኋላ ኑረዲንና ሰዓዳ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ እሱ ከትምህርት ቤት ገባ። ጥቁር ኮቱ ከፊት በጠመኔ ነጥቷል፤ ከኋላ እንደጠቆረ ነው። «ሰዓዳ፣ ጨረቃሽ ገልብጣ ለበሰች እኮ!» አልኳት።

«ያችን የሰማይዋን እንጃ፣ ጋሼ» አለች እየሳቀች፤ «የኔን ግን ከፊትም ከኋላም የማጥበው እኔው ነኝ።»