ጋሼ ሶሎ መኪና ሲያስተምሩ

ሌላው ሰው ሙዚቃ ይሰማል፤ የድሮ ሮክ አፍቃሪ ግን ሙዚቃ ያሰማል። ብቻውን ካዳመጠ የሰማ አይመስለውም፤ ምስክር ይፈልጋል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ወይ አጎታችሁ ነው፣ ወይ የቢሮ ባልደረባችሁ፣ ወይ አፋችሁን አስከፍቶ መልስ በማትሰጡበት ሰዓት ስለ አንድ ጊታር የሚተርክላችሁ የጥርስ ሐኪም። "ይቺን ስሚማ!" ይላል። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ፣ "አልሰማሽም፤ እንደገና ስሚ።"

የኔ ድርሻ የደረሰኝ በመኪና መንዳት አስተማሪ መልክ ነው። ክቡርነታቸው፣ የፍሪሲዮን ሊቅ፣ የማርሽ አባት፣ ተማሪዎቻቸው በሙሉ "ጋሼ ሶሎ" የምንላቸው፣ ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ወደ እሳቸው የሄድኩት ጨንቆኝ ነበር። በተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ አግኝቻለሁ፤ መጽሐፍ የተሞላ መኪና እየነዱ በየትምህርት ቤቱ መዞር! ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ነገር ግን እስከ ወሩ መጨረሻ መንጃ ፈቃድ ካላመጣሁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔ ደግሞ ሁለቴ ተፈትኜ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ዳገቱ ላይ ሞተር ጠፋብኝ። ሁለቱንም ጊዜ ፈታኙን ይቅርታ ጠይቄ፣ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ውረጂ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ቁልፉን ላዞር ስል ጋሼ ሶሎ እጄን አስቆሙት።

"ቆይ! መጀመሪያ ካሴቱ።"

"ጋሼ፣ ሰዓታችን እኮ..."

"ሞተሩ ይጠብቃል፤ የዘፈኑ መግቢያ አይጠብቅም!"

መኪናዋ አሮጌ ናት። ስፖኪዮዋ በሽቦ ታስሯል፣ የኋላ መስኮቷ አይወርድም። ድምፅ ማጉያዎቿ ግን አዲስ ናቸው፤ ያውም አራት። ትምህርቱም እንዲህ ነው፦ ፍሪሲዮን የሚለቀቀው ቤዝ ጊታሩ ሲገባ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይታወቅ። ሦስተኛ ማርሽ ዘፋኙ ሲጮኽ ነው። ፍሬቻ ከከበሮው ጋር እኩል መምታት አለበት፤ ካልመታ የተሳሳተው ፍሬቻው ነው።

የስቱዲዮ ቅጂ እዚያች መኪና ውስጥ አይገባም። ሁሉም የመድረክ ነው፤ ሕዝቡ የሚያፏጭበት፣ ማይክራፎኑ ሲጢጥ የሚልበት፣ ዘፋኙ ግጥም ጠፍቶት ያገኘውን የሚልበት። "ስቱዲዮ ውስጥማ ማን ይሳሳታል?" ይላሉ እየተናደዱ። "ቢሳሳት እንደገና ይቀዳል። መንገድ ላይ 'እንደገና ልቅዳው' ይባላል እንዴ ልጄ?"

ከሁሉ የሚወዱት አንድ ቅጂ አለ። በዘፈኑ መሐል ከበሮ መቺው አንዱ ዱላ ከእጁ ያመልጠዋል። ቋ ሲል ይሰማል። ሕዝቡ በሙሉ "ኡ!" ይላል። ሰውዬው ግን ሌላ ዱላ እስኪያቀብሉት ድረስ በአንድ እጁ ይቀጥላል።

"ቆመ?" ይሉኛል ጋሼ ዳሽቦርዱን በጥፊ እየመቱ።

"አልቆመም ጋሼ።"

"አልቆመማ!"

አንድ ቀን ይኸው ዘፈን እየተሰማ ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይ አረንጓዴ በራ። ጊታሩ ግን ብቻውን የሚጫወተውን ሶሎ አልጨረሰም። "እንዳታንቀሳቅሻት!" አሉኝ። ከኋላችን ክላክስ ተንጫጫ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ አንድ ግዙፍ የጭነት መኪና ሹፌር እጅጌውን እየሰበሰበ መስኮታችን ላይ ደረሰ።

"እናንተ ሰዎች፣ አብዳችኋል? ሰው ሥራ የለው..." አለና አፉን እንደከፈተ ቀረ። "ይሄ... ይሄ ዱላው የሚወድቅበት አይደለም እንዴ?"

"እሱ ነው ወንድሜ! አሁን ነው፣ ጠብቅ!"

"ኧረ በናትዎ!"

ሹፌሩ ጭንቅላቱን በመስኮት አስገብቶ ከጋሼ ጋር ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ዱላው ወደቀ። ሁለቱ ተቃቀፉ። መብራቱ ለሦስተኛ ጊዜ ቀይ ሆነ።

በፈተናው ቀን ካሴት ክልክል ነው። ጋሼ ሶሎ ከአጥሩ ውጭ ቀሩ፤ ማየት ስላልቻሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ፈታኟ እስክሪብቶአቸውን እንደ ጦር የያዙ፣ ጥርሳቸው የማይታይ ሴት ነበሩ። እንደታዘዝኩት ዳገቱ መሐል ላይ አቆምኩ። ልነሳ ስል ሞተሩ ጸጥ አለ።

ግራ እጄ ወደ በሩ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ሄደ። ቀኝ እጄ ግን ቁልፉን አዞረ፤ ከዚያ አፌ በራሱ ጊዜ ቤዝ መምታት ጀመረ። "ዱም፣ ዱም፣ ዱም..." እኔ፣ ስሜን ስጠየቅ እንኳ ድምፄ የማይወጣው! ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩ። መኪናዋ ተንፈራገጠችና ዳገቱን ያዘችው። ጊታሩም በአፌ ገባ። "ዊዊዊያ!"

ፈታኟ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። "ምንድን ነው እሱ?"

"ጊ... ጊታር ነው።"

"ቀጥይ።"

"መንዳቱን ነው ወይስ ጊታሩን?"

ትንሽ አሰቡና፣ "ሁለቱንም" አሉኝ።

አለፍኩ። ወረቀቱን ይዤ ስሮጥ ጋሼ ሶሎ ገና ግድግዳውን እያዩ ነበር። ከእጄ ቀምተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ደገሙት፣ ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዘለሉ። መነጽራቸውን ከመሬት ያነሳሁላቸው እኔ ነኝ።

አሁን ይኸው መጽሐፎቼን ጭኜ እዞራለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ስልክ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ የኋላ ማርሽ ላይ ትንሽ ይቀረኛል። ተጨማሪ ትምህርት ብወስድስ?"

"የኋላ ማርሽ? ፈታኟ 'እጅግ በጣም ጥሩ' ብላ የጻፈችልሽን?"

 ዓይን አፋር ሰው ውሸት ይጀምራል እንጂ አይጨርስም።

"እሺ፣ ስንት ሰዓት ያስፈልግሻል?" አሉኝ ለስለስ ብለው።

"ጋሼ አዲስ የኮንሰርት ካሴት አግኝተዋል ብለው ተማሪዎችዎ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። እሱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ሁለት ሰዓት ከዐሥራ አንድ ደቂቃ። ጭብጨባውን ሳይጨምር።"

"ከነጭብጨባው ይሁንልኝ ጋሼ።"