ቢጫ ይሰጣል፣ ሮዝ አይሰጥም

[ሚልዋኪ፣ አንድ የጠበቆች ቢሮ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ኖርበርት ክሌምፕ የቢሮው የቴክኖሎጂ ለውጥ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ላስ ቬጋስ ሄዶ ስለ አዲስ ሶፍትዌር ስብሰባ ተቀምጦ ከመጣ ወዲህ እሱ የማያውቀው ነገር አልተፈጠረም። ዱዌን ስቴንሩድ የጎረቤት ክፍል ጠበቃ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ነገር ቶሎ የማይገባው የሚባል ሰው። ኖርበርት ዛሬ ጠዋት አንድ ወሬ ሰምቷል፤ ምን እንደሆነ ይመጣል። ለጊዜው ጠቡ በዱዌን ክፍል፣ ስክሪኑ ላይ በተለጠፈች አንዲት ቢጫ ወረቀት ነው።]

ኖርበርት፦ አንሳት እኮ ነው የምልህ።

ዱዌን፦ አላነሳትም።

ኖርበርት፦ ስክሪን ላይ ወረቀት ይለጠፋል እንዴ፣ ዱዌን? ምን ነካህ?

ዱዌን፦ ዕድሜዬን ሙሉ የለጠፍኩት እሷኑ ነው። ለተቃራኒው ወገን የምንሰጠው ደብዳቤ ላይ ቢጫ፣ በእኛና በደንበኛችን መካከል ያለ ምስጢር ላይ ሮዝ። ቢጫ ይሰጣል፣ ሮዝ አይሰጥም። እስከ ዛሬ ሳልባረር የቆየሁት ይቺን ባለማምታታቴ ነው።

ኖርበርት፦ እሱ ድሮ ቀረ። አሁን የሚሰጠውን ከማይሰጠው የሚለየው ሶፍትዌሩ ነው። ለዚህ አይደል እንዴ የገዛነው?

ዱዌን፦ ወረቀቷን ሳያይ በምን ይለየዋል?

ኖርበርት፦ (ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ) እሺ፣ ለጠፍክ እንበል። ቀጣዩ ኢሜይል ሲመጣስ? ወረቀቷ እኮ እዚያው ናት።

ዱዌን፦ እሱስ እኔንም አስቸግሮኝ ነበር።

ኖርበርት፦ እና?

ዱዌን፦ ሌላ ስክሪን ጨመርኩ።

[ኖርበርት ዞር ብሎ ክፍሉን ገና አሁን አየው። ጠረጴዛው ላይ ስክሪን፣ መስኮቱ ሥር ስክሪን፣ ወንበሩ ላይ ስክሪን፤ በጠቅላላው አሥራ አንድ። እያንዳንዱ ላይ አንድ ኢሜይል፣ እያንዳንዱ ግንባር ላይ አንድ ወረቀት። ከበሩ አጠገብ ያለው የእንግዳ ተቀባይዋ ነው። ልጅቷ ጠዋት ባዶ ጠረጴዛ ላይ አፍጥጣ ያያት ለዚህ ነበር ለካ።]

ኖርበርት፦ ለአንድ ኢሜይል አንድ ስክሪን?

ዱዌን፦ ወረቀት እንቆጥባለን ብለህ ነበር። ወረቀቱስ ተቆጥቧል፤ ስክሪን ነው የሚበላው።

ኖርበርት፦ በዚህ የቋሊማ ፋብሪካ ክስ ውስጥ ስንት ኢሜይል እንዳለ ታውቃለህ?

ዱዌን፦ ዘጠና ሺህ። ለግዢ ክፍል ጥያቄ አስገብቻለሁ።

[ኖርበርት ወንበር ፈለገ፤ ስክሪን ተቀምጦበታል። ቆሞ ቀረ።]

ኖርበርት፦ ስማኝ፣ ወንድሜ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ አሮጌው ሶፍትዌር ይዘጋል። "አንድም ሰው ሳይቀር ወደ አዲሱ ተሻግሯል" ብዬ ለአለቃችን ለወይዘሮ ዊትከፍ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ከኮምፒውተር ክፍል ወሬ መጣ። አንድ ጠበቃ አዲሱን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶት አያውቅም።

ዱዌን፦ ማነው?

ኖርበርት፦ ስሙን አልነገሩኝም። ሰው እንዳይሸማቀቅ ስም አይጠራ ያልኩት እኔው ነኝ። ግን እስቲ ዙሪያህን እይ። ማን ይመስልሃል?

ዱዌን፦ (ዙሪያውን ደህና አድርጎ አይቶ) እዚህ ከእኔና ከአንተ በቀር ሰው የለም።

ኖርበርት፦ አዎ።

[ዱዌን አሰበ። ኖርበርት ጠበቀው። ዱዌን አሁንም ያስባል።]

ዱዌን፦ የቀረው ሰው ምን ይደረጋል?

ኖርበርት፦ ራይንላንደር ቅርንጫፍ ይዛወራል።

ዱዌን፦ ሰሜን ጫፍ? ከዓሣ ማጥመጃ ትል መሸጫው ፎቅ ላይ ያለችው?

ኖርበርት፦ እሷው ናት።

ዱዌን፦ ደንበኛ ሲገባ ትል ሊገዛ ነው ጠበቃ ሊቀጥር የማይታወቅባት? ይህን ጭካኔ ማን አመጣው?

ኖርበርት፦ (ክራባቱን አስተካክሎ) እኔ። ለውጥ ትንሽ ማስፈራሪያ ይፈልጋል፤ ላስ ቬጋስ ላይ በደንብ አስተምረውናል። ግን በአንተ ላይ ይደርሳል ብዬ አልነበረም። እንደው ከሄድክ ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ ከማን ጋር ልበላ ነው? ሌላው ሁሉ እኔ ሳወራ ስልኩን ያያል።

ዱዌን፦ እኔ ስልክ ስለማልይዝ ነው።

ኖርበርት፦ ቢሆንም። በል አሁኑኑ ግባ። እዚች ጋ "ይሰጥ" የምትል አለች፤ ተጫናት፣ በቃ።

ዱዌን፦ እስቲ አንተ ተጭነህ አሳየኝ።

[ኖርበርት ጣቱን ቀስሮ ስክሪኑን ተጫነ። ምንም። ጠንከር አድርጎ ተጫነ። ስክሪኑ ወደ ኋላ ተንገዳገደ።]

ኖርበርት፦ ዛሬ ኔትወርኩ ደካክሟል።

ዱዌን፦ በማውሱ አይሻልም?

ኖርበርት፦ በማውስም ይሆናል። ሁለት መንገድ አለው።

ዱዌን፦ ደግሞ የተጫንከው ቢጫ ወረቀቷን ነው።

ኖርበርት፦ በደንብ መለጠፏን እያየሁ ነው።

ዱዌን፦ አንተንም ስትገባ የልጅነት ውሻህን ስም ጠየቀህ?

ኖርበርት፦ ማን?

ዱዌን፦ ሶፍትዌሩ። እሱን ሳትጽፍ አያሳልፍም።

ኖርበርት፦ የኮሚቴ ሰብሳቢ የውሻ ስም አይጠየቅም።

ዱዌን፦ ወይዘሮ ዊትከፍን ጠይቋቸዋል።

ኖርበርት፦ እሳቸው ትሑት ስለሆኑ ነው። አንተስ ይህን ከማን ሰማህ?

ዱዌን፦ እኔንም ይጠይቀኛላ። ስክሪን በጨመርኩ ቁጥር አዲስ ሰው መስዬው እንደገና ይጠይቀኛል። አሥራ አንድ ጊዜ "ባምፐር" ብዬ ጻፍኩ። በስድስተኛው ውሻዬ ትዝ ብሎኝ አለቀስኩ።

[ኖርበርት አሥራ አንዱን ስክሪኖች እንደገና አያቸው።]

ኖርበርት፦ ገብተህበታል ማለት ነው?

ዱዌን፦ ሳልገባ ኢሜይሉን በምን አያለሁ? አንተ በምን ነው የምታየው?

ኖርበርት፦ ጸሐፊዬ ቤቨርሊ አትማ ታመጣልኛለች። በቀይ እስኪርቢቶ ምልክት አደርግበታለሁ፤ እሷ ወስዳ ሶፍትዌሩ ውስጥ ታስገባዋለች። ይህ አመራር ይባላል።

ዱዌን፦ በማን ስም ገብታ?

ኖርበርት፦ በራሷ ስም ነዋ። በማን ስም ልትገባ…

[ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ስልኩን አንስቶ ኮምፒውተር ክፍል ደወለ።]

ኖርበርት፦ ኖርበርት ነኝ። የዚያን ሰውዬ ስም ንገሩኝ። እኔማ አውቀዋለሁ፣ ለወጉ ያህል ነው… ስቴንሩድ አይደለም?… ኧኸ፣ አሥራ አንድ ጊዜ… እሺ… ሌላ ክሌምፕ የሚባል ሰው የለም?… አባቴ? አባቴ እዚህ ሠርተው አያውቁም… አይ፣ ደህና ነኝ። ውሃ እጠጣለሁ።

[ስልኩን ዘጋ። ውሃ አልጠጣም።]

ዱዌን፦ ማነው አሉህ?

ኖርበርት፦ ስም አይጠራም ብያለሁ።

ዱዌን፦ እኔ ነኝ?

ኖርበርት፦ አይደለህም።

ዱዌን፦ እዚህ ከእኔና ከአንተ በቀር ሰው የለም ብለን ነበር እኮ።

ኖርበርት፦ ዱዌን፣ እባክህ ቀስ ብለህ አስብ። እንደ ልማድህ።

[ዱዌን ግን የዛሬን ፈጠነ። ወንበሩ ላይ ያለውን ስክሪን አንስቶ ኖርበርትን ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።]

ዱዌን፦ ገና ጥቂት ደቂቃ አለን። ማውሱን ያዝ። አይ፣ ገልብጠኸዋል። አዎ፣ እንደዚያ። አሁን የውሻህን ስም ጻፍ።

ኖርበርት፦ ውሻ ኖሮኝ አያውቅም።

ዱዌን፦ የመጣልህን ጻፋ።

ኖርበርት፦ ምን ማለትህ ነው? እኔ ጠበቃ ነኝ። ያልነበረ ውሻ ነበረኝ ብዬ በጽሑፍ መልስ ልስጥ?

ዱዌን፦ ማንም አያየውም።

ኖርበርት፦ እሱን ነው ሁሉም ደንበኛ የሚለን፤ ኋላ ፍርድ ቤት ይነበባል። ተወኝ፣ በሕጉ አግባብ እመልሳለሁ። (በአንድ ጣት እየለቀመ) "ለጥያቄው ያለኝ መቃወሚያ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጠያቂው 'ልጅነት' ሲል ከየትኛው ዕድሜ እስከ የትኛው ዕድሜ እንደሆነ ባለመግለጹ፣ እንዲሁም 'ውሻህ' የሚለው የጎረቤትን ውሻ ይጨምር አይጨምር ግልጽ ባለመሆኑ…"

ዱዌን፦ ኖርበርት፣ ቦታው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚይዘው።

ኖርበርት፦ "…ጠያቂው ቦታውን ሆን ብሎ በማጥበቡም ጭምር…"

[ከውጭ የከተማው ሰዓት እኩለ ቀንን ደወለ። ስክሪኑ በትህትና "ጊዜው አልፏል" አለ። ኮሪደሩ ላይ የወይዘሮ ዊትከፍ ጫማ ቀጭ ቀጭ እያለ መጣ።]

ኖርበርት፦ ዱዌን፣ አለቀልኝ። ከአሁኑ ትል ትል ሸተተኝ።

ዱዌን፦ ጠበቃህ አድርገህ ቅጠረኝ።

ኖርበርት፦ ለምን?

ዱዌን፦ አሁን አንተ ቀስ ብለህ የምታስብበት ጊዜ አይደለም። ቅጠረኝ።

ኖርበርት፦ ቀጥሬሃለሁ።

[ዱዌን ከኪሱ አንዲት ሮዝ ወረቀት ላጥ አድርጎ ኖርበርት ክራባት ላይ ለጠፈና በመዳፉ ጠበቅ አደረጋት። በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ዊትከፍ ዕቃ መሸከፊያ ባዶ ካርቶን ይዘው ቆመዋል። ስክሪኖቹን ዓይተው እንዳላዩ አለፉና፣ የቀረው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁ።]

ዱዌን፦ ልነግርዎት አልችልም፣ ወይዘሮ ዊትከፍ። በእኔና በደንበኛዬ መካከል ያለ ምስጢር ነው።

[ወይዘሮ ዊትከፍ የኖርበርትን ክራባት ዓይተው ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። እሳቸውም በዚህ ቢሮ ወረቀት ሲለጥፉ ያረጁ ናቸው። ከዚያ ወደ ቅርቡ ስክሪን ሄዱና ቢጫዋን ወረቀት ላጥ አድርገው በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ሮዟ ላይ ሊለጥፏት ወደ ኖርበርት ተጠጉ። "ሶፍትዌሩ እኮ ስሙን አውጥቶ ነግሮኛል" አሉ፤ "ይለያል ብለህ ያስገዛኸን ሶፍትዌር።"]

ኖርበርት፦ (ሮዟን በሁለት እጁ ሸፍኖ) ወረቀቷን ሳያይ በምን ይለየዋል?