የሳህኑን ታች ያላየ ሰው

ጠባብ ቤት የሚባል ነገር የለም፤ መደርደር የማያውቅ ሰው ነው ያለው። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። እኔና መጽሐፍ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ እስካሁንም አንፈላለግም። የተማርኩት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ፣ «ቡሬ! ቡሬ! የሞላ፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያልኩ ስጮህ ነው። በአሥራ ሁለት ሰው ሚኒባስ አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ዶሮና አንድ ጆንያ ድንች አሳፍሬ በር የዘጋሁ ሰው ነኝ። ያጉረመረሙት ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብፌ ያቅተዋል?

ነገሩ የሆነው የአክስቴ የእትዬ የሺ ልጅ ባገባች ሰሞን ነው። የምኖረው እሳቸው ጋ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ባለች ክፍል ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የምላት አንዲት አልጋ እዚያ አለችኝ። ሠርጉ ሲቃረብ የጎረቤት ዕቃ ይጎርፍ ጀመር፦ ሳህን፣ ትሪ፣ ጆግ፣ ብርጭቆ፣ ማንኪያማ በቁና የሚሰፈር። ብፌው ሞላ። መሳቢያዎቹ ሞሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ውስጡ ጭልፋ ተጋድሞበት አልከፈትም ብሎ አመፀ። የተረፈው የት ሄደ? አልጋዬ ላይ! እኔ ጤፍ ጆንያ ላይ ወደቅሁ። ሙሽራዋ ቡሬ ከሄደች ሳምንት አለፋት፤ ሳህኖቹ ግን አልጋዬ ላይ ጫጉላ እንደ ገቡ ቀሩ። «አክስቴ፣ ለየባለቤቱ ይመልሱት እንጂ» ብላቸው፣ «እሑድ ለቅልቅሉ የቡሬ አማቾቻችን ይመጣሉ። በምን ላብላቸው፣ በመዳፌ?» አሉኝ።

ሁለት ቀን መታገሥ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲባል የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ግን ተረቱ «የቸኮለች» አለ እንጂ «የቸኮለ» መች አለ?

ቅዳሜ አክስቴ ጅጋ ገበያ እንደ ሄዱ ካይዘን የምትባለው የዕቃ አያያዝ ሥልጠና ትዝ አለችኝ። ሥራ የሌለውን ወጣት ሁሉ አዳራሽ ሰብስበው ሲያሠለጥኑ፣ ለምሳው ብዬ ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። አምስት «ማ»ዎች አሏት፤ ምሳ እስኪደርስ የሰማሁት ሦስቱን ነው፦ የማያስፈልገውን ማጣራት፣ ሁሉን በቦታው ማስቀመጥ፣ ማጽዳት። ለአንድ ማድ ቤት አይበቃም?

ብፌውን አራገፍኩት። ከዚያ በመናኸሪያ ሕግ አሳፈርኩ፤ ወፍራሙ ከኋላ፣ ቀጭኑ ከመካከል። ትሪ ከጀርባ ቆመ፣ ሳህን በየልኩ ተነባበረ፣ ብርጭቆ ድስት ውስጥ ገባ፣ ማንኪያ ጆግ ውስጥ ቆሞ ሄደ፣ ጭልፋ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባኝ። የሳህኑ ሁሉ ታች የጥፍር ቀለም ነክቶታል፤ አንዱ ቀይ ነጥብ፣ አንዱ አረንጓዴ መስመር፣ አንዱ ነጭ መስቀል። ማንኪያዎቹ ደግሞ አንገታቸው ላይ ክር አስረዋል። ሙሽራዋ ስትኳኳል ያንጠባጠበችው ነው አልኩ። «አረንጓዴ ጥፍር የምትቀባ ሙሽራ አለች እንዴ?» ብዬ ትንሽ ቆምኩ፤ «ዘመኑ ነው» ብዬ አለፍኩት። ክሩን በምላጭ፣ ቀለሙን በሽቦና በአሸዋ። ማጽዳት ማለት ይህ ነው!

ሁሉም ገባ። አልጋዬ ነፃ ወጣች።

እሑድ አማቾቹ ሳህኑን አይተው፣ «እትዬ የሺ፣ ይህ ዛሬ ከሱቅ ወጣ እንዴ?» አሉ። አክስቴ፣ እኚያ «መንገደኛው» ይሉኝ የነበሩት ሴትዮ፣ «የወንድሜ ልጅ ነው ያጠበው» ብለው በሰው ፊት ዘመዴ ሆኑ።

ሰኞ ጎረቤቶች ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ። እትዬ አስናቁ አንድ ሳህን አነሡ፣ ገለበጡ፣ ታቹን አዩ። ሌላም ገለበጡ። የሰፈሩ አንጋፋ እማማ ጠጁም ገለበጡ። እኔ ንጽሕናውን የሚመረምሩ መስሎኝ፣ «ታቹም ታጥቧል፣ አይጨነቁ» አልኩ።

«አረንጓዴው መስመሬስ?» አሉ እትዬ አስናቁ።

«እሱንማ አስለቀቅኩት! ክንዴ ሊወልቅ ምንም አልቀረው።»

ለካ ቀለሙ የሳህን መታወቂያ ኖሯል! አረንጓዴው መስመር የእትዬ አስናቁ፣ ነጩ መስቀል የእማማ ጠጁ፣ ቀዩ ነጥብ የራሳቸው የአክስቴ፤ ክሩም እንዲሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ስንቀዠቀዥ አልሰማሁም። አክስቴ ደግሞ የሚኮሩበት አንድ ነገር ቢኖር «የሺ ቤት የገባ ማንኪያ መንገድ አይስትም» መባላቸው ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ሃያ ዓመት ያቆየሁትን ስም በሽቦ ፈተግህብኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ፤ እሱንም ራሴ ሞልቼዋለሁ።

ክርክሩ ተጀመረ። ደህና ደህናው ሳህን ሁሉ ሦስት ሦስት እናት ወጣለት፤ ጠርዙ የተሸረፈው ግን ወላጅ አልባ ሆነ። እትዬ አስናቁ፣ «ይቺን በጠረኗ አውቃታለሁ» ሲሉ፣ ሌላዋ ጎረቤት፣ «እኔ ነኝ ያሳደግኳት» ይላሉ። አክስቴ እንባቸው ሊመጣ ሲል እማማ ጠጁ እጃቸውን አነሡ። «በሳህን ከምንኳረፍ አብረን እንብላበት። ሁሉም የጋራ ይሁንና እዚሁ የሺ ዘንድ ይቀመጥ። በየቤታችን የቀረውንም እናምጣ። ከየሺ የተሻለ አደራ ጠባቂ ከየት ይመጣል?»

እልል ተባለ። የአክስቴ ስም ከነበረበት ከፍ አለ። እኔም ከሁሉ በላይ እልል አልኩ፣ ሞኙ!

«በየቤታችን የቀረው» የት ይግባ? ዓይን ሁሉ ወደ ክፍሌ ዞረ። እማማ ጠጁ ካይዘን ሠልጥነው አያውቁም፤ ግን በሩ ላይ ቆመው አይተው አይተው የመጀመሪያዋን «ማ» አገኟት። «ይቺ አልጋ እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉ። የእትዬ አስናቁ ልጅ ልትወልድ ከደምበጫ መጥታ ነበርና አልጋዋ ለእሷ በውሰት ተሰጠች። አራስን ማን ይከራከራል?

አራት ሰው ተሸክሟት ሲወጣ አክስቴ «ቆዩ!» ብለው ከሙሽራዋ የተረፈውን የጥፍር ቀለም አመጡ። ጎንበስ ብለው እግሯ ላይ ቀይ ነጥብ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ስትመለስ እኔ ነኝ የማጸዳት፤ አንተ እንዳትነካት!»

ይኸው እኔ ጆንያዬ ላይ ነኝ፤ አልጋዬ በውሰት እየዞረች አሁን አራተኛ ቤቷ ገብታለች። ነጥቧ ግን እንዳለች ነው አሉ።