የአቶ ደምሌ ወረቀት

መሥሪያ ቤት ባለበት አገር ሁሉ፣ በዓይኑ ካየው ይልቅ በወረቀት የተጻፈለትን የሚያምን አንድ አለቃ አይጠፋም። የእኛው ክቡር ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምሌ ይባላሉ።

እኔ ንፋስ መውጫ በሚገኝ የምርጥ ዘር ድርጅት ገብስ ለቃሚ ነኝ። ሲናር የሚባለውን፣ ገብስ መስሎ የሚያታልል አረም፣ ከገብሱ መካከል ፍሬ በፍሬ እለቅማለሁ። ድርጅቱን አላማውም። ሕክምናችንን ይችላል፤ ለፋሲካ በግ፣ ለብርዱ ጋቢ ይሰጣል፤ ጠዋት ጠዋት በመኪና ከየቤታችን ይሰበስበናል። ችግሩ ከመኪናው ከወረድን በኋላ ነው።

አቶ ደምሌ ለሁሉም ነገር አንድ መልስ አላቸው፤ «በወረቀት ይቅረብልኝ።» በሐምሌ የቢሮአቸው ጣሪያ አፍስሶ ራሳቸው ላይ ሲንጠባጠብ ብንነግራቸው፣ ጠብታውን በመሐረብ እየጠረጉ «በወረቀት ይቅረብልኝ» አሉ። የቀረበላቸው ወረቀትም ጠረጴዛቸው ላይ በሰበሰ። ወረቀት ያለቀ ጊዜ አጠገቤ የምትለቅመው ሰርካለም ጥያቄዋን በስኳር ካርቶን ላይ ጻፈች። ካርቶን ወረቀት መሆን አለመሆኑን ለመወሰን ግማሽ ቀን ተሰበሰብን።

አይጥ ልትይዝ መጋዘን የገባችውን ድመት «በምን ደብዳቤ ገባች?» ብለው አስወጧት። አይጡ ሲበዛ የቅጥር ደብዳቤ ጽፈው መለሷት። ስትወልድ ግን ሙሉ የወሊድ ፈቃድ ከነወተቱ ሰጧት። በጥቅማ ጥቅም አይታሙም።

እኔን የቸገረኝ ዓይኔ ነው። ከጥር ጀምሮ ሞራ ጋርዶት ሲናሩና ገብሱ አንድ ሆነብኝ። ደብረ ታቦር ሄጄ ብታከም ድርጅቱ ይከፍላል። ነገር ግን ለቃሚ ሆኜ «አይታየኝም» ብዬ ብፈርም ከሥራዬ የምነሣ መሰለኝ። ዝም ብዬ በጣቴ እየዳበስሁ ለቀምሁ። የሚገርመው፣ የለቀምሁት ዘር ሲመረመር ሁልጊዜ ንጹሕ ይባል ነበር። ጣቶቼን አመሰገንሁ።

ግንቦት ላይ ግን በሩን ትቼ ከግድግዳው ጋር ተጋጨሁ። ሌላ መላ ስላጣሁ አቶ ደምሌ ቢሮ ገብቼ ነገርኋቸው።

«የትኛው ዓይን እንደ ሆነ በወረቀት ይቅረብልኝ፣ እማማ ቦጋለች።»

«ሳይታየኝ እንዴት አድርጌ ልጻፍ?»

«ሰርካለም ትጻፍልዎ። እርሷን መወከልዎም በወረቀት ይቅረብልኝ።»

«ውክልናውንስ ማን ይጻፈው?»

«ይኸ ስብሰባ ይፈልጋል» አሉ።

ስብሰባው ሁለት ቀን ፈጀ። ግራ ዓይኔ አጀንዳ ቁጥር አንድ ሆነ፤ ቀኙ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ተያዘ። በመጨረሻ የዐሥራ አምስት ቀን ፈቃድና መኪና ከነሾፌሩ ተሰጠኝ። ስለ ሥራዬ ግን ማንም ምንም አላለም፤ እንደ ፈራሁ ሄድሁ።

ታክሜ ዓይኔ በራልኝ። ፈቃዴ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ቤት መቀመጥ አቃተኝና በምሳ ሰዓት ወደ መልቀሚያው ክፍል ገባሁ። አቶ ደምሌ በርጩማዬ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ደርሷል፤ የምሳ ዕቃቸው አልተከፈተም። ከመሄዴ በፊት ለቅሜ የቋጠርሁትን ጆንያ ፈትተው፣ ሰፌዴን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲናር ይለቅማሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋቸው።

«ከጥር» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ እንደማይታየኝ እያወቁ ምነው ዝም አሉ?»

«እኔ በወረቀት ያልቀረበልኝን ነገር አላውቅም።»

ሌላ በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁና ያመለጣቸውን ሦስት ሲናር አሳየኋቸው።

በማግስቱ፣ «ፈቃድዎ ሳያልቅ ያለ ደብዳቤ ሥራ ገብተዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። በበራው ዓይኔ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከስሜ ቀጥሎ «የሥራ መደብ፦ ገብስ ለቃሚ» ይላል፣ ከነማኅተሙ። አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥሁት።